ቤት ውስጥ ስፒከር ስለ መሥራት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሐዋሳ ላይ ስፒከር የምሠራው ለራሴ፣ ለዘመድና ለቅርብ ሰው ነው። ጎረቤቱም፣ የባጃጅ ሹፌሩም፣ እንጨት የሚቆርጥልኝ አናጢም የሚጠይቁኝ ነገር ከዓመት ዓመት አንድ ዓይነት ስለሆነ መልሱን እዚህ ሰብስቤዋለሁ።

ዉፈር (ወፍራሙን ድምፅ፣ ቤዙን፣ የሚያወጣውን ስፒከር) ገዝቻለሁ። ቦክሱን ስንት በስንት ላስቆርጠው?

ከሁሉም የሚበዛው ጥያቄ ይህ ነው። ልኩን ከመናገሬ በፊት እኔም በተራዬ አራት ነገር እጠይቃለሁ። የሚቀመጠው የት ነው? ስንት ሜትር ርቃችሁ ነው የምትሰሙት? የምትሰሙት ምንድን ነው? በስንት ሰዓት? የሰዓቱ ነገር ብዙ ሰው ይገርመዋል። ነገር ግን ተከራይቶ የሚኖር፣ ግድግዳው ከአከራዩ መኝታ ቤት ጋር የተያያዘ ሰው ከሥራ መልስ ማታ የሚሰማው ድምፁን ቀንሶ ነው። ለእሱ የሚያስፈልገው ተቀንሶም ቃል የሚለይ ስፒከር ነው፤ ደረት የሚመታ ቤዝ አከራዩን ከመቀስቀስ በቀር አይጠቅመውም።

መጀመሪያ ግቡ ይወሰናል፣ ከዚያ ለግቡ የሚሆነው ዉፈር ይመረጣል፣ ቦክሱ ደግሞ ከዉፈሩ ቁጥሮች ተነስቶ ይሰላል። አብዛኛው ሰው ግን ቦክሱን በዓይን ለክቶ ያሠራል፣ ገበያ ላይ ያገኘውን ዉፈር ይከትበታል፣ የሚወጣውን ድምፅ ሲሰማ ያዝናል። ገንዘቡም ድካሙም የሚባክነው እዚህ ላይ ስለሆነ ግቡን በወረቀት ጻፉት እላለሁ። የእኔ የመጨረሻው ሥራ የተጀመረው በዚህች መስመር ነው፦ «4 በ4 ክፍል፣ ከ2 ሜትር ተኩል ርቀት፣ ክራርና የሰው ድምፅ፣ ቤዝ እስከ 60 ኸርዝ ይበቃል፣ ከ85 ዴሲቤል በላይ አልፈልግም።» (ኸርዝ ድምፁ በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ድምፁ ይወፍራል፤ ዴሲቤል ደግሞ የጩኸት መለኪያ ነው።) ከዚያ በኋላ ግራ በገባኝ ቁጥር የተመለስኩት ወደዚያች ወረቀት ነው።

ትንሽ ቦክስ፣ ወፍራም ቤዝ፣ ትልቅ ድምፅ፤ ሦስቱንም አንድ ላይ ማግኘት አይቻልም?

አይቻልም። ሁለቱን መርጣችሁ ሦስተኛውን ትለቃላችሁ። ይህን በስሌት ያስቀመጠው እ.ኤ.አ. በ1957 ኬኤልኤች የተባለውን የአሜሪካ ስፒከር ፋብሪካ ከመሠረቱት ሦስት ሰዎች አንዱ የሆነው ሆፍማን ነው፤ በሙያው «የሆፍማን የብረት ሕግ» ይባላል። ብረት የተባለውም ስለማይታጠፍ ነው። ቤዙ ከ80 ኸርዝ ወደ 40 ኸርዝ እንዲወርድላችሁ ከፈለጋችሁ፣ በአንድ ዋት የሚወጣው የድምፅ መጠን ሳይቀንስ፣ ቦክሱ 8 እጥፍ መተለቅ አለበት። ሁለት እጥፍ እንኳ አይበቃም።

በመዳፍ የሚያዘው የብሉቱዝ ስፒከር ትንሽነትንና ቤዝን መርጦ ጩኸቱን ለቋል። ሠርግ ቤት የሚቆመው ሞንታርቦ ደግሞ ጩኸቱን መርጦ ትንሽነቱን ለቋል። እናንተ የምትለቁት የቱን ነው? ይህን ሳይመልስ መጋዝ የሚያነሳ ሰው ሦስቱንም በከፊል ያጣል።

ሌላ ቤት የሰማሁት ስፒከር እኔ ክፍል ሲገባ ለምን ይደነፋል?

ምክንያቱ ክፍሉ ነው። ድምፅ በሴኮንድ 344 ሜትር ያህል ይጓዛል። 344ን ለክፍላችሁ ርዝመት እጥፍ ስታካፍሉ ክፍሉ በራሱ የሚያስተጋባውን ዝቅተኛ ድምፅ ታገኛላችሁ። 4 ሜትር ለሆነ ግድግዳ 43 ኸርዝ ይመጣል። እኛ አገር የሚከራየው ክፍል ደግሞ ብዙውን ጊዜ 4 በ4 ነው። ርዝመቱም ወርዱም እኩል ስለሆነ ሁለቱ በአንድ 43 ኸርዝ ላይ ይደራረባሉ። የቤዝ ጊታር የመጨረሻዋ ወፍራም ክር 41 ኸርዝ ናት፤ ልክ እዚያው ሰፈር።

ይህን የተማርኩት እዚሁ ሐዋሳ፣ አቶቴ ሰፈር ተከራይቼ ሳለሁ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቦክሶች ቱቦ (የቦክሱ አየር የሚወጣበትና የሚገባበት ቀዳዳ) አድርጌላቸው፣ ወደ 42 ኸርዝ ቃኝቼ፣ ሁለቱንም ጥግ ለጥግ አቆምኳቸው። ቤዝ ጊታሩ ወደ ታች በወረደ ቁጥር አንዲት ኖታ ብቻ ክፍሉን ትሞላዋለች፣ የቺፕውድ ኮርኒሱ ይንቀጠቀጣል፣ ከላይ ያለው ድምፃዊ ይዋጣል። ሁለት ሳምንት ሙሉ አምፕሊፋየሩን ጠረጠርኩ። አንድ ቀን ማታ የአሮጌ ጋቢ ቁራጭ ጠቅልዬ ሁለቱንም ቱቦዎች ደፈንኩ፣ ቦክሶቹንም ከጥጉ አንድ ክንድ ያህል ሳብኳቸው። ቤዙ ቀነሰ፤ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የጊታሩን እያንዳንዱን ምት ለየሁት። ቦክስ ከማሠራታችሁ በፊት ክፍላችሁን በሜትር ለኩ። ጥግ ቤዝን ያጎላል፣ ከግድግዳ መራቅ ይቀንሰዋል፤ ለዚህ ማስተካከያ ደግሞ ምንም አይከፈልም።

ስፒከሬ ያገለገለ ነው፣ ምንም ወረቀት የለውም። ቁጥሮቹን ከየት ላምጣ?

ከራሱ። ከአሮጌ ቴፕ ወይም ከመኪና በር የወጣ ስፒከር ትልቁን ምስጢር ቤት ውስጥ ይነግራችኋል። የምትፈልጉት ሦስት ቁጥር ነው። ኤፍኤስ፣ ስፒከሩ ያለ ቦክስ ብቻውን ሲሆን በተፈጥሮው የሚወዛወዝበት ድግግሞሽ። ኪውቲኤስ፣ ያ ውዝዋዜ ምን ያህል ቶሎ እንደሚገታ። ቪኤኤስ፣ የወረቀቱ (ፊት ለፊት የሚርገበገበው ክፍል) ማንጠልጠያ ልስላሴ ከስንት ሊትር አየር ልስላሴ ጋር እኩል እንደሆነ። እነዚህ ቁጥሮች የቲል እና የስሞል ይባላሉ፤ ኔቪል ቲል እ.ኤ.አ. በ1961 አውስትራሊያ ውስጥ መሠረቱን ጣለ፣ ሪቻርድ ስሞል በ1970ዎቹ መጀመሪያ አስፋፋው። ከእነሱ በፊት ቦክስ የሚሠራው በአብዛኛው በሙከራ ነበር።

አለካኩ እንዲህ ነው። ስልክ ላይ የፈለጋችሁትን ኸርዝ የሚያወጣ አፕ ጫኑ። ከስልኩ ወደ አምፕሊፋየር፣ ከአምፕሊፋየሩ አንዱን ሽቦ በ1000 ኦም ሬዚስተር አሳልፋችሁ ወደ ስፒከሩ። ስፒከሩ መሬት ላይ አይደፋ፤ ፊቱም ጀርባውም አየር ማግኘት አለበት። እኔ ከወንበር መደገፊያ ላይ በገመድ አንጠለጥለዋለሁ። መልቲሜትሩን ኤሲ ቮልት ላይ አድርጋችሁ የስፒከሩን ሁለት እግሮች ያዙ። አንድ ማሳሰቢያ፦ ብዙዎቹ ርካሽ መልቲሜትሮች የኤሲ ዝቅተኛ ክልላቸው 200 ቮልት ስለሆነ እዚህ ዜሮ ብቻ ያሳያሉ። ኤሲን በሚሊቮልት የሚያነብ ተዋሱ።

መጀመሪያ በስፒከሩ ቦታ 10 ኦም ሬዚስተር አስገብታችሁ ንባቡን ጻፉ። 50 ሚሊቮልት ሆነ እንበል፤ እንግዲህ እያንዳንዱ ኦም 5 ሚሊቮልት ነው ማለት ነው። አምፕሊፋየሩን ሳትነኩ ስፒከሩን መልሱና ከ20 ኸርዝ ጀምራችሁ አንድ አንድ እያላችሁ ውጡ። ቁጥሩ ይወጣል፣ ይወጣል፣ አንድ ቦታ ጫፍ ነክቶ መውረድ ይጀምራል። እዚያ ጫፍ ላይ ጣታችሁን በስሱ ወረቀቱ ላይ ብታሳርፉ መርገብገቡ ይሰማችኋል። ኤፍኤስ ያ ነው።

አንድ ስድስት ኢንች ተኩል ዉፈር በምሳሌ ልውሰድ። ጫፉ 48 ኸርዝ ላይ ሆኖ 270 ሚሊቮልት አሳየ፤ 54 ኦም ማለት ነው። ስፒከሩን ከሁሉ ነቅላችሁ በኦም ሜትር ስትለኩት 6 ኦም ነው። 54ን ለ6 ስታካፍሉ 9፤ የ9 ካሬ ሥር 3። አሁን 6 ሲባዛ በ3 ማለትም 18 ኦም (90 ሚሊቮልት) የሚሆንባቸውን ሁለት ቦታዎች ከጫፉ ግራና ቀኝ ፈልጉ፤ 36 እና 64 ኸርዝ ሆኑ። ልዩነታቸው 28 ነው። 48 ሲባዛ በ3፣ ሲካፈል ለ28፣ 5.14 ይሰጣል። ይህን ለ9 አካፍሉ፤ 0.57። ኪውቲኤስ ተገኘ። ትክክል መለካታችሁን ለማረጋገጥ 36ን በ64 አባዙ፤ 2304 ይመጣል፣ እሱም የ48 ካሬ ነው። ሁለቱ በጣም ከተራራቁ እንደገና ለኩ።

ለቪኤኤስ የማውቀው ቀላሉ መንገድ ባዶ የቀለም ባልዲ ነው። ስንት ሊትር እንደሚይዝ ውኃ በሃይላንድ እየቀዳችሁ ቁጠሩ። አድርቁት፣ አፉን ስፒከሩ ልክ በተበሳ ወፍራም ኮምፔርሳቶ ግጠሙት፣ ዙሪያውን አየር እንዳያሳልፍ በላስቲክ ወይም በሊጥ እንኳ ድፈኑት። ጫፉን ድጋሚ ፈልጉ፤ ከፍ ብሎ ታገኙታላችሁ። ባልዲው 20 ሊትር ሆኖ ጫፉ ከ48 ወደ 72 ኸርዝ ከወጣ፣ 72 ለ48 ሲካፈል 1.5፣ በራሱ ሲባዛ 2.25፣ 1 ሲቀነስ 1.25፣ በ20 ሲባዛ 25 ሊትር። ቪኤኤስ 25 ሊትር ነው። ጥቃቅን ስህተት ይኖረዋል፤ ለቦክስ ግን ይበቃል።

ዝግ ቦክስ ይሻላል ቱቦ ያለው?

ለጀማሪ፣ ለመኖሪያ ክፍል፣ ያለ ማመንታት ዝግ። እ.ኤ.አ. በ1954 አሜሪካዊው ኤድጋር ቪልቸር በዝግ ቦክስ ውስጥ ያለውን አየር ራሱን እንደ ስፕሪንግ ተጠቅሞ ትንሽ ቦክስ ጥሩ ቤዝ እንደሚያወጣ አሳይቷል። ዝግ ቦክስ ከአቅሙ ወሰን በታች ቤዙን ቀስ እያለ ነው የሚለቀው፤ ቱቦ ያለው እስከ ወሰኑ ጎበዝ ነው፣ ከዚያ ግን በእጥፍ ፍጥነት ይወድቃል። ስሌቱ ሲሳሳትም ዝግ ቦክስ ይቅር ይላል፣ ቱቦ ይቅር አይልም።

ቁጥሩም ይመራችኋል። ኪውቲኤሱ ከ0.5 በላይ የሆነ ዉፈር ለዝግ ነው፤ 0.3 እና 0.4 መካከል ያለው ለቱቦ ይመቻል። ከላይ ያለው 0.57 ስለሆነ ዝግ ይሁን። 25 ሊትር ብትሰጡት፣ ቪኤኤሱን ለቦክሱ ሊትር ስናካፍል 1፣ አንድ ስንጨምር 2፣ ካሬ ሥሩ 1.41። 0.57 በ1.41 ሲባዛ 0.8፣ ይህ ቦክስ ውስጥ የገባው ዉፈር አዲሱ ኪው ነው፤ 48 በ1.41 ሲባዛ 68 ኸርዝ፣ ይህ ደግሞ አዲሱ ጫፍ ነው። የመጀመሪያው ቁጥር 0.7 አካባቢ ሲሆን ቤዙ ጠፍጣፋና ሥርዓት ያለው ነው፤ 0.8 ትንሽ ሞቅ ይላል፤ ከ1 ካለፈ መደንፋት ይጀምራል። ለማግኔቱና ለውስጥ ድጋፉ አንድ ሊትር ጨምራችሁ የውስጡን ልክ 24 በ30 በ36.5 ሴንቲሜትር አድርጉት። ሦስቱን ጎን እኩል አታድርጉ፤ ኩብ እንደ 4 በ4 ክፍሉ ድምፅ ይደራርባል።

ለቱቦ የሚሆን ዉፈር ካላችሁ ደግሞ፦ 30 ሊትር ቦክስን ወደ 45 ኸርዝ ለመቃኘት የውስጥ ስፋቱ 7 ሴንቲሜትር የሆነ የፍሳሽ ፒቪሲ ቱቦ 14 ሴንቲሜትር ያህል ቁረጡ። መጀመሪያ 17 አድርጋችሁ ቁረጡና እያሳጠራችሁ ሞክሩ፤ ማሳጠር ይቻላል፣ ማስረዘም ግን የለም።

ስንት ዋት ያስፈልገኛል?

ከምታስቡት በጣም ያነሰ። በካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ሺህ ዋት እርሱት። የሚጠቅመው ስፒከሩ በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት ስንት ዴሲቤል እንደሚሰጥ ነው። 86 ዴሲቤል የሚሰጥ ስፒከር 2 ሜትር ተኩል ላይ 78 ይሆናል፤ የእኔን 85 ለማግኘት 5 ዋት በቂ ነው። ዋቱን እጥፍ ማድረግ 3 ዴሲቤል ብቻ ይጨምራል። ለጆሮ «እጥፍ ጮኸ» የሚያስብለው ግን 10 ዴሲቤል ነው፣ ያም 10 እጥፍ ዋት ይጠይቃል። ስለዚህ 3 ዴሲቤል የሚበልጥ ስፒከር መምረጥ አምፕሊፋየሩን በእጥፍ እንደ መግዛት ነው።

መብራት ሲጠፋ በ12 ቮልት ባትሪ መስማት የምትፈልጉም ብዙ ናችሁ። ቮልቱን በውስጡ ከፍ የማያደርግ፣ በ12 ቮልት ብቻ የሚሠራ አምፕሊፋየር 4 ኦም ስፒከር ላይ ከ18 ዋት በላይ ንጹሕ ድምፅ መስጠት አይችልም፤ ሻጩ የፈለገውን ይበል። ለክፍል ግን 18 ዋት ትርፍ ነው።

ምን ዓይነት እንጨት?

18 ሚሊሜትር ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝ ተጨምቆ የሚሠራ ጣውላ)፤ ከተገኘ ጥሩ ኮምፔርሳቶም ይሆናል። ቺፕውድ ብሎን በደንብ አይዝም። ዋንዛ በጣም የማከብረው እንጨት ነው፣ ግን ሙሉ ጣውላ ከወቅት ወቅት ስለሚያብጥና ስለሚሸማቀቅ ለፊት ለፊት ማስዋቢያ እንጂ ለቦክሱ አካል አልመክረውም።

የሐዋሳ ሰው ልብ ሊለው የሚገባው እርጥበቱን ነው። ሐይቁ ዳር ነን፤ ክረምት ላይ ያልተሸፈነ የኤምዲኤፍ ጠርዝ ውኃ ጠጥቶ እንደ ዳቦ ያብጣል። ኮላ በውኃ አቅጥናችሁ ጠርዙን ሁለት ጊዜ ቀቡት፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉት፣ ከዚያ ስቱኮና ቀለም። የታችኛውንም ጠርዝ ጭምር፤ ሊሾ ላይ የሚቀመጠው እሱ ነው። ስትቆርጡ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፤ የኤምዲኤፍ ብናኝ ለሳንባ ክፉ ነው።

ትዊተር (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣ ትንሽ ስፒከር) ስጨምር በቀጥታ ከዉፈሩ ጋር ላገናኘው?

አይሆንም፣ ይቃጠላል። ቤዙን የሚያግድለት ካፓሲተር በመንገዱ ላይ ይግባ። ለ8 ኦም ትዊተር 5 ማይክሮፋራድ ወደ 4000 ኸርዝ ላይ ይቆርጣል። ፕላስና ማይነስ የሌለው ዓይነት መሆን አለበት፤ ካጣችሁ ሁለት ባለ 10 ማይክሮፋራድ ተራ ካፓሲተሮችን ማይነስ ከማይነስ አገናኙ፣ 5 ይሆናሉ። ለዉፈሩ ደግሞ ላይኛውን ድምፅ የሚቀንስ የሽቦ ጥቅል ያስፈልጋል። ይህ የመጨረሻው ጥበብ አይደለም፤ ለመነሻ ግን ትዊተሩን ያድናል፣ ጆሮንም አይወጋም።

ሁለት 4 ኦም ስፒከሮችን ፕላስ ከፕላስ፣ ማይነስ ከማይነስ አድርጋችሁ አንድ መውጫ ላይ አታገናኙ፤ 2 ኦም ይሆንና አምፕሊፋየሩ ይግላል።

ፕላስና ማይነሱ የጠፋበት ስፒከርስ?

1.5 ቮልት የግድግዳ ሰዓት ባትሪ ለቅጽበት አስነኩት። ወረቀቱ ወደ ውጭ ከወጣ፣ የባትሪው ፕላስ የነካው እግር ፕላስ ነው። ሁለቱ ስፒከሮች ከተገለባበጡ ቤዙ እርስ በርሱ ይጠፋፋል፤ «ቤዝ የለውም» ተብሎ ከሚመጣልኝ መካከል ስንቱ በዚህ ብቻ ድኗል።

ውስጡ ምን ይሞላ?

የትራስ ፋይበር፣ ፈታ ተደርጎ። ጥጥ ከጊዜ በኋላ ታች ይተኛል። ቱቦ ባለው ቦክስ ግድግዳውን ብቻ አልብሱ፣ የቱቦውን አፍ አትዝጉ።

ለግቢ ድግስ እንዲህ ያለው ይሆናል?

አይሆንም። ውጭ ላይ ድምፁን የሚመልስ ግድግዳ ስለሌለ ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር 6 ዴሲቤል ይጠፋል። ለዚያ ቀን ሞንታርቦ ተከራዩ።

ማለቁን በምን አውቃለሁ?

በቤዝ አትፈትኑት፤ ቤዝ ጆሮን ያታልላል። በሰው ንግግር ጀምሩ። ዜና የሚያነብ ወንድ ድምፅ ከበርሜል ውስጥ የሚመስል ከሆነ ቦክሱ ውስጥ የሚያስተጋባ ነገር አለ፤ ድጋፍና ፋይበር ጨምሩ። «ሰ» እና «ሸ» ከተፏጨ ትዊተሩ በዝቷል። ከዚያ ክራር፤ ክሩ ሲነካና ሲለቀቅ ሁለቱ ተለይተው መሰማት አለባቸው። ከበሮ የመጨረሻ ነው፤ ምቱ መጥቶ መቆም አለበት፣ እየጎተተ መሄድ የለበትም።

ሌላም ፈተና አለኝ። ዜናውን ክፍት ትታችሁ ከክፍሉ ውጡና ከጓዳ ወይም ከግቢ ስሙት። መጥፎ ስፒከር ከሩቅም ስፒከር ነው። የአሁኖቹን የጨረስኩ ቀን ዜናውን ያነበበው አንድ ሰው ነበር፣ አንዱን ስፒከር ብቻ ነው የከፈትኩት። እናቴ ከጓዳ ሆና «እንግዳ መጣ እንዴ? ስኒ ልጨምር?» አለችኝ።